ሳሙና በር ያለ ባሕር

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት ከሄደበት ሲመለስ
ፓምፑ አንዴ አሳለ፣ ጉሮሮ እንደሚጠርግ ቄስ፤
ነቃሁ፤ ሸተተኝ።
ዓሣ አይደለም፤ የሐምሌ ጭቃም አይደለም፤
ጅቡቲ ወደብ ላይ አንድ ቀን ብቻ ያሸተትኩት
ጎንደር ውስጥ ግን ማንም ስም ያላወጣለት።

በባዶ እግሬ ሄድኩ። ሲሚንቶው ረጥቧል፤
አረፋ ማጥለያው ገንፍሎ ፎጣውን ውጦታል፤
ሁለት መቶ ሊትር ባሕሬ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣
የአራስ አጥሚት መስሎ ጠበቀኝ።

ከመስታወቱ ማዶ ፍልቅልቂት አለች፤
ወንድሜ እንየው ባይሱዙው፣ በላስቲክ ከረጢት፣
ጋላፊን አሻግሮ
"አኔሞን ይሏታል፤ አበባ ናት፣ ግን ትበላለች" ብሎ የሰጠኝ፤
አራት ዓመት ሙሉ "አንቺ" እያልኩ ያኖርኳት፣
ሽሪምፕ በመቆንጠጫ ጎንበስ ብዬ ያጎረስኳት።

ዛሬ እጆቿን ሁሉ ሽቅብ ዘርግታ፣
አፏን ከፍታ፣
ጭስ ትተፋለች፤ ያለ እሳት፣ ያለ ጭራሮ።
አንዴ። ቆይታ ደግሞ አንዴ።

ሞተች ብዬ ነበር።
እግሯ ግን ድንጋዩን እንደ ጡጫ ጨብጧል።
የምትሞት አይደለችም፤ የምትሰጥ ናት።
ሁለቱ ብርቱካንማ ዓሦች ከላይ ተንጠልጥለው
አየር ይለምናሉ፤ የእሷ ድግስ ለእነሱ ማነቂያ ነው።

ቀን ቀን ሆስፒታል፣ የሰው ሽንት የሰው ደም
በጠብታ ለክቼ ነው የምበላው፤
በዚያው እጄ ብልቃጥ ይዤ ጠብታዬን ጣልኩ፦
አሞኒያው አረንጓዴ፣ ያውም ጥቁር አረንጓዴ።

ውሃ መቀየር አለብኝ። ውሃ!
ቧንቧው ከመጣ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ።
ከአሸንዳው ያጠራቀምኩት የዝናብ በርሜል አለ፤
ጨዉ ግን፣ የባሕሩ፣ የገበያው አይደለም፣
ከጆንያው ሥር ግማሽ ባልዲ ብቻ ቀረ።
መንገድ ከተዘጋ ሁለት ወር፤ እንየው ጋ ስደውል
"ከአገልግሎት ክልል ውጪ"
ትለኛለች ያቺው ሴት፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

አንጓች በግድግዳው በኩል፦
"የልፍኝ! ወተት ገነፈለብሽ እንዴ?"
"ባሕር ነው" አልኳት።
ዝም አለች ትንሽ። ከዚያ "ባልዲ ላምጣ?"
ለዚህ ነው የምወዳት።

የዝናቡን ውሃ ከጨዉ ጋር በወንፊት እጀታ ስናማስል
ሳቀች፦ "በሬዲዮ የባሕር በር፣ የባሕር በር ይላሉ፤
ይኸው ባሕራችን ሳሙና በር፤
በሩም ወደ ጓዳ ይከፈታል።"

ነጩን እየቀዳን ግቢ ደፋን፤ ("ከጌሾዬ ራቅ አርጊው!")
የደቀቀ ከሰል በካልሲ ቋጥሬ ከፓምፑ አፍ አንጠለጠልኩ።
ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ወረዱ።

አንድ ጠብታ ግን ሳልደፋ ደብቄ
ጠዋት፣ ከሰዉ ናሙና በፊት፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አኖርኳት።
እንቁላል አልነበረም።
ጭራ ነበር። ጭራ ብቻ፣ እልፍ፣ እልፍ ጭራ፤
አብዛኛው ቆሟል፤ ጥቂቱ አሁንም ይሮጣል። ወዴት?

አራት ዓመት "አንቺ"።
ባንዲት ጠብታ ግሡ ሁሉ ተገለበጠብኝ፦
በላች፣ በላ። አኮረፈች፣ አኮረፈ።
ፍልቅልቁ። ይቅርታ።

እዚህ ሰው ከሰው ሲገናኝ ዘር አስቀድሞ ይጠያየቃል፤
እሱ ማንንም ሳይጠይቅ በተነው፣
ለሌለች፤ ብትኖርም ከአፋር አሸዋ ማዶ ላለች።
ማን ነገረው ሌሊቱ ያ ሌሊት መሆኑን?
መጋረጃዬ ጨረቃ አያስገባ።
ምናልባት መብራት ኃይል ነው፤ ሰማያዊ አምፖሌን ሲያጠፋበት
ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ጨለማ አየ።

ማታ ስመለስ ውሃው ጠርቷል ማለት ይቻላል፤
እሱ ከጥጉ ተሸብሽቦ ተኝቷል።
አንጓች በግድግዳው፦ "እህ፣ ምን ሆነች?"
"ወንድ ነው" አልኩ፣ ሳላስበው።

እልልታዋ አልዘገየም፤ ሰባቱንም አደረሰችው።
ከዚያ ቆም ብላ፦
"ጨው ግን አለሽ?"