ሁለተኛ ዕትም

ሳይቅ ላይ፣ ከመንደሩ በላይ፣ የጽዱ ጠርዝ እኩል ነው፣
ልብስ ሰፊ በክር ለክቶ እንደ ቀሚስ የከረከመው፤
ከዚያ በላይ ቅጠል አለ፣ ከዚያ በታች ግንዱ ራቁት፣
ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ የተንጠራራችበት ልኬት።

ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ሲባል ያደግሁ ነበርሁ፣
እዚህ ግን ከደረሰች ዘመን አልፏል፤ የሚበጠሰውን አጣሁ።

ዓርብ ዓርብ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌው ኸልፋን
ክንዴን ይዞ ይወጣል፣ ሊቆጥር ዛፎቹን፦
ይኼ አባቴ ያረፈበት፣ ይኼ መብረቅ የመታው፣
ይኼ በጦርነቱ ጊዜ ጠመንጃ የደበቅንበት ነው።
ሁሉም ስም አለው። ሁሉም አርጅቷል።
«ልጆቻቸውስ?» አልሁት።
ሳል እንደ ያዘው ሰው ፊቱን አዞረ።

ወይራን እሱ ዕትም ይለዋል።
መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ፤ በእኛ ቋንቋ ዕትም የመጽሐፍ ነው፣
አንደኛው ሲያልቅ ሁለተኛው ከማተሚያ ቤት የሚወጣው።
አሁን አልስቅም። ይህ ዱር አንዴ ብቻ ነው የታተመው፤
ፍሬውን ዘንድሮም አርግፏል፣ ቡቃያውን ግን ማን አየው?

የማትቀምሰው ክትክታ ብቻ ነው ዳገቱን ሞልቶ ያማረበት፤
መራራ መሆን ዕድሜ እንደሚሰጥ ገባኝ የዚያን ዕለት።

አንድ ወይራ ድንጋይ ሥር አገኘሁ፣ ቁመቱ እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣
ግንዱ ግን የሽማግሌ ጣት።
ኸልፋን ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው፦ «ይህማ የሳሊም እኩያ ነው።»
ባቆጠቆጠ ቁጥር ተቀንጥሶ፣ ደግሞ ተቀንጥሶ፣
ሠላሳ ዓመት ያደገ፣ ወደ መሬት ተመልሶ።

ከዚያ ተናገረ፣ ዓይኑን ከገደሉ ሳይነቅል፦
«ልጆቼ ወደ ሙስካት የወረዱ ዓመት፣ ማን ይጠብቃል ብዬ
የበረቱን በር ከፈትሁት። ዐሥራ አራት ነበሩ፤
የሁሉም ቀኝ ጆሮ የተሰነጠቀ፣ በገዛ ካራዬ።»

አሁን ከገደሉ ጫፍ የሚያዩን ጆሯቸው ሙሉ ነው።
ሲርባቸው ወርደው ከቆሻሻ ገንዳው ካርቶን ያኝካሉ፣
የማንም አይደሉም፣ ማንንም አያውቁም።
ልጠላቸው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም፤
በር ተከፈተላቸው እንጂ በር የሰበሩ አይደሉም።

ምራቱ ለዒድ መጥታ የጣለችውን የልብስ ማስጫ፣
አንድ እግሩ የተሰበረውን፣
ማታ ተሸክሜ ወጥቼ በወይራው ላይ ደፋሁት፣
በአራት ድንጋይ አስጨነቅሁት።

ከሁለት ዝናብ በኋላ ሄደን አየን።
ከሽቦው ሥር አረንጓዴ ነው፤ ጥቅጥቅ ብሏል።
ከሽቦው ያለፈው ጫፍ ሁሉ ተበጥሷል፣
እኩል፣ እንደ ቀሚስ ጠርዝ።

ኮንትራቴ በሸዋል ወር ያልቃል።
«ሉባባ፣» አለ ኸልፋን፣ «ሽቦውን ከፍ የሚያደርግለት ማነው?»
መልስ አልጠበቀም። ስልኩን አውጥቶ ለሳሊም ደወለ።
ይጠራል።
ይጠራል።
እኔ አምስተኛ ድንጋይ ፍለጋ ወረድሁ።