ጥላው የከበደ

ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱን አልፎ፣ ደረጃው ሥር ባለች ቤት፣
መብራት የመጣች ለታ ነው የኛ ቀን የሚነጋበት።
ዛሬ መጥታለች፤ እስከ ስንት እንደምትቆይ ማን ያውቃል?
ዩፒኤሱ ከጠረጴዛው ሥር እንደ ጫጩት ያለቅሳል።

ከኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ስንሻው
ደባርቅ ሥራ አገኘና ሄደ፤ ቋጠሮውን ማን ይፍታው?
ሌየር አንድ፤ ሌየር አንድ ኮፒ፤
የኮፒው ኮፒ፤ የኮፒው ኮፒ ኮፒ፤
አርባ ሦስት ነፍስ ያለ ስም፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጭኖ፣
የቱ ሸማ፣ የቱ ሰማይ፣ የቱ ጉንጭ እንደሁ ተደፍኖ።
እኔም የሱ ተማሪ ነኝ፤ በሱው ፋይል ላይ ሠራሁ፤
«ነገ አስተካክለዋለሁ» እያልኩ በነገ ላይ ነገን ሳከማች ኖርሁ።

ወይዘሮ የውብዳር አንድ ጠዋት ከሳሙና በር መጡ፤
የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው ባላቸውን አወጡ።
መታወቂያ ነው። ፎቶው የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው፤
ሐምራዊ የቀበሌ ማህተም ትከሻው ላይ የተኛው።
«ልጃችን በሕግ ተመረቀች፤ እሱ ግን አልደረሰላት።
በጥቁር ካባዋ ቆማለች፤ በቀኟ በኩል አቁሚላት።»

ሦስት ቀን ያን ማህተም ጠረግሁ፣ ነጥብ በነጥብ።
ኮት አለበስኩት፤ ያንን ኮት፣ የስቱዲዮውን ጥቁር ኮት፣
የከተማው ወንድ ግማሹ ለብሶት አንድም ቀን ውሃ ያልነካው ኮት።
መታወቂያ ከደረት በታች ሰው የለውም፤ ቁመቱን ገመትኩ፤
እግሩን ካንድ ሙሽራ ተዋስኩ።

ሐሙስ መጡ። ስክሪኑ ፊት ዝም ብለው ቆዩ።
«እሱስ እሱ ነው» አሉ፣ መስታወቱን በጣታቸው እየነኩ እያዩ፤
«ግን ልጄ፣ ጥላው የከበደ ሰው ነበር፤ ምነው ጥላ ነሳሽው?
የሷ መሬት ላይ ወድቋል፤ የሱን የት አደረስሽው?»

ሠርቼዋለሁ፣ ቁስቋምን! ሠርቼዋለሁ፤ ግን የት አለ?
ከአርባ ሦስቱ ባንዱ ጉያ ዓይኑን ጨፍኖ የዋለ።
አንዱን ዓይን ብከፍት የልጅቱ እጅ ሦስት ሆነ፤
አንዱን ብዘጋ ጎሃ ከነተራራው ተነነ።
ዩፒኤሱ አንዴ ጮኸ።

ወይዘሮ የውብዳር ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ ወደኔ።
«ቀለም አልቆጠርኩም» አሉ፤ «ቀለም ግን አውቃለሁ እኔ።
ሰፌድ ስሰፋ አለላውን ሳልለይ አልጀምርም፤
የተቀላቀለ አለላ ዓይን ያደክማል እንጂ አያምርም።
እነዚህስ ባዶ ናቸው፤ ቀለም የላቸውም እንዴ?
ባዶውን ከባዶ በምን ትለያለሽ፣ ሆዴ?»

አላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ተሰልፎ ኖረ፤
የማውሱን ቀኝ ብጫን ይወጣል፤ ማን ነክቶ ሞከረ?

ለልጃቸው ፊት ቀይ መረጡ፤ «ማንም እጁን እንዳይሰድ።»
ለስንሻው ኮፒዎች ግራጫ፤ «እነሱ ይሁኑ አመድ።»
ኮቱ ብጫ፤ «የሰው ነውና፣ ማታ ለባለቤቱ ይመለሳል።»
ሰማዩን ሳልጠይቃቸው ሞላሁ፤ ሰማይ ማንን ያወዛግባል?
ለባላቸው ሲሆን ቆዩ፤
የነጠላቸውን ጫፍ፣ ባዶውን ቋጠሮ፣ እያዩ።
«ሐምራዊ» አሉ በመጨረሻ፤ «ማህተሙን አጥበሽበት፣
ቀለሙን እንኳ መልሽለት።»

ሠላሳ ስምንቱ ቀለም ለብሰው አምስት ብቻ ራቁት ቀሩ፤
አንዱ የኮፒው ኮፒ ነበር። ዓይኑን ነካሁ፤ እዚያው፣ ከሥሩ፣
ከተውሶው እግር ጀምሮ ጥላው ድንጋዩ ላይ ወደቀ፤
ረዘመ፤ የልጅቱን ጥላ ነካና እዚያው ተደባለቀ።
ወይዘሮ የውብዳር ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤
ትልቅ ሰው በደጃፍ ሲገባ እንደሚሆነው ሁሉ።

ከዚያ ተጨፈለቀ። ሲታተም ሁሉም አንድ ይሆናል፤
ቀዩም ሐምራዊውም አይወጣ፤ ወረቀት የት ያውቃቸዋል?
«ስንት ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። «ጥላውን ጨምሮ?» አሉኝ።
ጨምሮ።
ከፈሉ፤ ሄዱ። መብራቷም ተከትላ ሄደችብኝ።