ከሰባት ሰዓት በፊት

እንግዳዬ ስማኝ፤ ከሁሉም በፊት ሰዓት።
«በአንድ ሰዓት ና» ካልኩህ፣ አንድ ነው የጠዋት፤
እጅህ ላይ ያሰርከው «ሰባት ነው» ቢልህም፣
የኔ ጀልባ ግን ያንን አታውቅም።
የእኛ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤
የእናንተ በእኩለ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ማን ቆሞ ሊቆጥረው?
ይህን በልብህ ያዝ፤ ኋላ እመጣበታለሁ፣
አሁን ስለ ገንዘብ ጥቂት እነግርሃለሁ።

ዋጋ ሳትቆርጥ ባጃጅ ላይ አትውጣ፤
«እንደ ፈለግህ» የሚል ሹፌር ካጋጠመህ፣ እሱ ነው ጣጣ።
ከወረድክ በኋላ ይጠነክራል ቃሉ፣
ነዳጅ ጨምሯል ይልሃል፣ ጎማውም፣ ኑሮውም ሁሉ።
ዝርዝር ብር ያዝ፤ አሥር፣ ሃምሳ፣ መቶ፤
«መልስ የለም» ይሉሃል፤ ስንቱ ሄዷል ሁለት መቶውን ትቶ።

ወደቡ ዳር ቆሞ «ወንድሜ» የሚልህ
ወንድምህ አይደለም፤ ግን ጠላት አይምሰልህ፤
አንድ ሻይ ጋብዘው፣ መንገድ ያሳይሃል፣
ሁለተኛ ካዘዝክ አጎቱን ያመጣል።

ዘጌ ስትወርድ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣
ሙዝህን ሸሽገው፤ የዚያ አገር ጦጣ ነው ደፋር።
ጫማህን አውልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣
ካልሲህ ቢቀደድም የሚስቅብህ የለም እንጂ።
አባ ወልደ ገሪማ ያዩታል ዝም ብለው፤
የሳቸውም ተረከዝ ስንጥቅ በስንጥቅ ነው።

ክብራን ሴት አትገባም፤ ሚስትህ ከኔ ጋር ትቆይ ከጀልባው፤
ብትቆጣ አልፈርድባትም፤ እናቴም ዕድሜ ልኳን ያየችው ከሩቅ ነው።

ፎቶ ለማንሳት ስትል አስቀድመህ ጠይቅ፤
ደንገል የሚያስረው ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ጌጥ አይደለም፣ እወቅ።

ዓባይ ከሚወጣበት ጉማሬ ልይ ብትል፣
«ጠጋ እንበል» ለሚልህ ጀልበኛ «ይብቃ» በል።
ጭስ ዓባይ ሳትሄድ ጠይቅ፣ ውሃው እንዳለ፤
አንዳንዴ ለመብራት ይዞራል፤ ገደሉ ደርቆ ብቻውን ዋለ።
ያን ቀን ብትደርስ እንኳ አታጉረምርም፤
ማታ ክፍልህ ያለው አምፖል የበራው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሰዓቱ።

ጣና እስከ ቀትር እንደ ተኛ ሰው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤
ከቀትር በኋላ ግን ንፋሱ ከጎርጎራ በኩል ይነሳል።
ስለዚህ ሰባት ሳይሆን ተመለስ ወደ ዳር፤
የኔን ሰባት ማለቴ ነው። ልንገርህ አንድ ነገር።

ወንድሜ ይበልጣል ጀልባ ነጂ ነበረ፤
አንድ ቀን አንድ እንግዳ ይዞ ወደ ዘጌ ተሻገረ።
«በሰባት ተመለሱ» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ገመዱን ስፈታ፤
እንግዳው ሰዓቱን አየ፣ እሺ አለ፤ ያሰበው የማታ።
ሥዕሉን ሲያይ፣ ደጀ ሰላም ተቀምጦ ሲጽፍ፣ መሸበት፤
ይበልጣል ጠበቀው፤ እንግዳ ጥሎ መምጣት ነውር ሆኖበት።
ማዕበሉ ሲገለብጣቸው መንሳፈፊያው ጃኬት አንድ ብቻ ነበር፤
ማን እንደለበሰው አልነግርህም። እንግዳው ነጋ ሲል ተገኘ፣ ከደንገሉ ዳር።

ስለዚህ ቁጠር። ሳትሳፈር ቁጠር፤ ለየሰው አንድ፣ ለኔም አንድ።
ጎድሎ ካየህ ውረድ፤ እኔ ራሴ ብለምንህ እንኳ፣ እንቢ በል፣ አትሂድ።

ሌላው ቀላል ነው። አጎበር ሳትዘረጋ አትተኛ፤
የወባ ትንኝ አታማርጥም፤ ለሷ አንድ ነን፣ አንተና እኛ።
ውሃ የታሸገ ጠጣ፤ ቆሮሶ ሲጠበስ ግን አትፍራ፣ በእጅህ ብላ፤
አጥንቱን ቀስ ብለህ፤ ለቸኮለ ጉሮሮ ዓሣ አያዝንም በኋላ።

ያ እንግዳ? ደኅና ነው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ይደውላል።
አማርኛ ተምሯል፤ ትንሽ፣ እንደ ሕፃን ይኮላተፋል።
ከሰላምታ በፊት፣ ሁልጊዜ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው
«አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ነው።
እነግረዋለሁ።
እሱም ይደግመዋል፣ እንደ ዳዊት፣ ቀስ ብሎ፤
«በናንተ ነው?» ይላል። «በኛ» እለዋለሁ። ስልኩን አልዘጋም ቶሎ።

ነገ በአንድ ሰዓት ና፣ እንግዳዬ።
በኛ።