የዓርብ ዋጋ

ፒያሳ፣ ከፋርማሲው ጎን፣ ደረጃውን ሽቅብ ወጥቼ፣
የዓሣ ሽታ እንዳይቀድመኝ እጄን በሎሚ አሽቼ፣
ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አልሁኝ። ትኬት ቆራጩ ሌዳሞ፣
ጣቱ ቁጥር ያሳድዳል፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ቆሞ።

“ወዴት ነው?”
“ዶሃ።”
“መቼ?”
“ሲረክስ።”
ሳቀ። “ዋጋማ እንደ ሐይቃችን ነው፤
ጠዋት የረጋ፣ ከቀትር ወዲያ የሚተራመስ።”

ይተራመስ። እኔ ሐይቅ አውቃለሁ፤
ከነፋሱ በፊት ገብቶ መውጣት ተምሬያለሁ።

ስድስት ዓመት ያላየኋት አንዲት እህት አለችኝ፣
እቴነሽ። ጣሪያዬን በቆርቆሮ የለወጠችልኝ፣
ለጀልባዬ ሞተር ገዝታ “መቅዘፊያህን ስቀል” ያለችኝ፤
“ትኬቱንም እኔ” ስትል ግን፣
አይ እቴ፣ አልኳት፣ እሱስ ይብቃኝ።

ሌዳሞ አንዱን አገኘ።
“ዓርብ ማታ ተነሥ፣ ዓርብ ማታ ብዙ ሰው አይጓዝም፤
ሐሙስ ሁሉም ይበርራል፣ ሐሙስን ድሃ አይይዝም።
ሪያድ ላይ አሥራ አራት ሰዓት ወንበር ላይ መጠበቅ ነው፤
ሃምሳ ስምንት ሺህ፣ ደርሶ መልስ። ከዚህ በታች የለም፣ ይኸው።”

ለአምባዛ ስንቱን ሌሊት ጀልባ ላይ ቁጭ ብዬ
ያነጋሁ ሰው ነኝ፤
ለስላሳ ወንበር ሊያስፈራኝ? ኧረ ተው ጌታዬ!

“ሻንጣ ግን የለውም” አለኝ፣ “በእጅ ሰባት ኪሎ ብቻ።”
በነጋው አሞራ ገደል፣ ከዓሣ ሚዛኑ ዳርቻ፣
ቦርሳዬን መንጠቆው ላይ አንጠለጠልኩት፤
አባ ኮዳዎች ዙሪያውን ከበቡት፣
መላጣ አናታቸውን ደፍተው፣ እንደ ጉምሩክ ሹም።
ቆጮው ብቻውን አራት ኪሎ፣
በሶው፣ ዳጣው፣ የእናታችን ፎቶ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፤
ዱካለ ጮኸ፦ “አሥር ከግማሽ! ድንጋይ ነው የምትወስድላት?”
ቆጮውን ገምሼ ሰጠሁት፣ በሶውን ለልጆቹ ተውኩት፣
ጋቢውን ላዬ ላይ ደረብኩት፤
ፎቶውን ግን አልነካሁም።

ማታ ደወልኩላት።
ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች፣ “ቃሲም ነገረኝ” አለች፤
የሻሸመኔው ቃሲም፣ ሾፌሩ፣ አልጋውን ስድስት ቀን የለቀቀልኝ።
“መቼ ትገባለህ?”
“ቅዳሜ።”
“መቼስ ትመለሳለህ?”
“ሐሙስ።”

ዝም አለች። ከኋላዋ ውኃ ይወርዳል፣ ሳህን ይጋጫል።
“ወንድሜ” አለች በቀስታ፣ “የእኔ ቀን ዓርብ ናት እኮ፤
እሷም ከቀትር እስከ ምሽት። የቀረው የማዳም ነው እኮ።”

ስድስት ቀን በአንድ ከተማ፣ በሰው አልጋ ተኝቼ፣
የምትሠራበትን ፎቅ መስኮት ከመንገድ ማዶ አይቼ፣
በሁለት ዓርቦች መካከል፣ እንደ ቆሮሶ በተቀደደ መረብ፣
ሾልኬ ልመለስ ነበር ለካ፣ ሳልነካ ያቺን ዓርብ።

ጠዋት ሌዳሞ ዘንድ ነኝ። ሎሚም አላሸሁ ዛሬ።
“የሐሙሱን” አልኩት።
“ሰባ አንድ ሺህ ነው” አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፤
“እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ልያዝልህ፤ ከዚያ ወዲያ አትጠይቀኝ።”

አሥራ ሦስት ሺህ ልዩነት።
ስንት ነገር በሚዛን ሲወጣ ሲወርድ አይቻለሁ፣
የግማሽ ቀን ክብደት ግን ዛሬ ገና አወቅሁ።
ትርፍ መረቤን ለዱካለ አስይዤ ሰባት ሺህ፣
ከዕቁብ ጸሐፊዋ፣ ከነተግሣጿ፣ አራት ሺህ፤
ሁለት ይጎድላል።
ሁለቱ እዚያ ታች ነው፣ ውኃው ውስጥ፣ ክንፉን ያራግባል።

መሸ። ታቦር ጠቆረ። የሆቴሎቹ መብራት ሐይቁ ላይ ተልፈሰፈሰ።
ሞተሩን አላስነሣሁም፤ ቤንዚን ከዓርብ ላይ ይቀነሳል።
ከግድግዳው ላይ፣ አቧራውን አራግፌ፣
“ስቀለው” ያለችኝን መቅዘፊያ አወረድኩት።