የማኅተሙ ቀለም

የሰኔ ፀሐይ ናት፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፣
ማራገቢያው ቆሟል፣ መብራቱም ጠፍቷል፤
የማኅተሙ ቀለም ስፖንጁ ላይ ደርቋል።
ሦስት ጠብታ ውኃ እየጣልኩበት
ስቀሰቅስ ሳለሁ፣ ገባች ጽሕፈት ቤት
ሩሐማ ደሳለኝ፣ ላብ ወርዶ ከግንባሯ፣
አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ ታጥፎ በደብተሯ።
ሳቢያን ነው ያሳተመችው፣ ገጹ በስምንት ብር፤
የባጃጁን ቆጥባ፣ ሳምንት ሄዳ በእግር።
እሷም ቀለም ጠምቷት፣ እኔም ቀለም ደርቆብኝ፣
«ጋሽ ሰብስቤ» አለች፣ «ማኅተም ይምቱልኝ።

ብዙ ፈልጌያለሁ» አለች፣ ቁጭ ሳትል፤
«አንደኛው የአገልጋይ ልጅ ብቻ ይላል፣
ሌላው ‹ሰባኪ እሆናለሁ› ያለን ይመርጣል፤
እኔ ሒሳብ እንጂ ስብከት አልችልበት፤
አንዱን ደግሞ ሳገኝ፣ ቀኑ አልፎበት።
ይሄ ግን...» ጣቷን ቅጹ ላይ አኖረች፤
«ሙሉ ይከፍላሉ፣ ለአማኝ ልጅ» አለች፤
«ማመኔን የሚያውቅ ሰው፣ ፊርማና ማኅተም፤
ማክሰኞ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ የለም።»

መነጽሬን ሰካሁ። ስድስቱን አለፍኩኝ፤
ሰባተኛው ጥያቄ እንደ እንቅፋት ያዘኝ፦
«አመልካቿ እሑድ፣ ሳታስታጉል ከቶ፣
አምልኮ ትመጣለች?» ክፍት ቦታ ትቶ፣
አንድ መስመር ብቻ።

እኔ ደግሞ
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስም ስጠራ የኖርሁ፣
ለወንድሜ ልጅ እንኳ «የለም» ብዬ የጻፍሁ፤
ከጥር ወዲህ ደግሞ ልቡናዬ ያውቃል፣
ከአልቶዎቹ ተርታ ሦስተኛው ክፍት ሆኗል፣
ቀሚሷም ምስማር ላይ አቧራ ለብሷል።
«ሰኞ ተመለሺ» አልኳት፣ ዐይኗን ሳላይ፤
«እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች ወደ ፀሐይ።

እሑድ ጧት መዝገቡን ለምክትሌ ትቼ
ጎረቤቷን ጠየቅኩ፣ ሰፈሯን ገብቼ፤
ከዚራ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ በር፣
ዱቄት ወርሷት ነበር ከክርን እስከ ፀጉር፤
ሊጥ እየቆረጠች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣
ለራሷ ስታዜም ድምጿ ደረሰኝ።

ዜማው የኛው ነበር፣ ግን አልቶው ለብቻው፤
ከታች ከታች ይሄዳል፣ ላዩን ሰው እንዳለው፤
እረፍቱ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፣ ይጠብቃል፣
ሶፕራኖው ሲያልፍለት ደግሞ ይቀጥላል።
ሰዓቴን አየሁት፦ ሦስት ከሩብ። አዎን፣
መዘምራን የሚቆሙባት፣ ያችው ደቂቃችን።

ሙሜ፣ ባለ ዳቦው፣ ወንበር አቀረበ፤
«ታውቃታለህ?» አለኝ፤ ፊቴን አነበበ።
«ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው ሥራ የምትገባው፣
እናቷን ኩላሊት አልጋ ላይ ጥሏት ነው፤
በየሳምንቱ እሑድ፣ ልክ በዚህ ሰዓት፣
አንድ ነገር ትላለች፣ ግማሽ የጎደላት፤
እኔ እንኳ ለመድኩት፣ እጄም ይከተላል፤
ሌላው ግማሹ ግን የት ቤት ይዘፈናል?»

ምን ልበለው?
«እኛ ዘንድ» አልኩት።
ዳቦ ሰጠኝ፣ ትኩስ፤ መክፈሉን ረሳሁት።

ሰኞ «አዎ» ብል ውሸት፣ «አይ» ብልም ውሸት፤
መስመሯ አልበቃችም፤ ቅጹን ገልብጬ ጻፍኩበት፦

«አመልካቿ ከጥር ወር ጀምሮ አምልኮ አልመጣችም።
እሑድ በሦስት ከሩብ ግን የአልቶውን ድርሻ
ከዳቦ ቤት ሆና፣ ሰዓቱን ሳታዛንፍ ትወጣለች።
ይህንን ያረጋገጥኩት በዐይኔና በጆሮዬ ነው፤
ስለዚህ በዚያ እሑድ እኔም ቀርቻለሁ።»

በመዝገቡም ላይ፣ ከስሜ ትይዩ፣
«ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሽማግሎች እያዩ።

ማኅተሙን ሳሳርፍ ቀለሙ ጎደለ፤
ክቡ ግማሽ ወጣ፣ ግማሹ የት አለ?
ልደግመው አሰብኩና እጄን ሰበሰብኩ።
ሩሐማ ጀርባውን ቆማ አነበበች፤
ምንም አላለችም፤ እፍ፣ እፍ እያለች
ቀለሙን አደረቀች።

አሁን ሐምሌ ገብቷል። መልስ አልመጣም ገና።
ደቻቱ ደፍርሶ፣ ደግሞ ደረቀና
አሸዋው ላይ ልጆች ጎማ ያሯሩጣሉ።
አዲስ ቀለም ገዛሁ፣ ከታይዋን፣ ርካሹን።
እሑድ ሦስት ከሩብ ላይ፣ ሰልፉ ሲጀምር፣
መሪዋን ለመንኳት፦ «ከአልቶዎቹ መስመር
ሦስተኛውን ቦታ አትዝጉት» አልኳት።
«ለምን?» አለች።
«ሰው አለበት።»