ሞላ ጎደለ

ጉምሪ፣ በጥር ብርድ፣ ጋዝ ማደያው ደጃፍ፣
ከእናቴ ጋር ቆመናል፣ በረዶ ስናራግፍ።
ሕጉ ነው፤ ሲሞላ ሰው ውስጡ አይቀመጥም፤
«ርካሽ ነው» ይላል ባሌ፤ ብርዱን ግን አይቆጥርም።
የዕቃ ቦታውን ሙሉ ሲሊንደር ወርሶታል፤
የድንች ጆንያችን ጭናችን ላይ ይጓዛል።

ወንድሜ ህራንት የኤሌክትሪኳን ከቻይና አመጣ፣
ኮሽ ሳትል ከግቢ እንደ ሌባ የምትወጣ።
ከኩሽና መስኮት ገመድ ዘርግቶላት፣
እናቷ እንደሞተች ጥጃ፣ ያድራል ሲግታት።

እሑድ ማታ ሙግት፤ ሾርባው እስኪበርድ፣
የኪሎሜትር ሒሳብ በሶፍት ላይ ሲወርድ።
«የኔ አታጨስም!» ሲል ህራንት በኩራት፣
«ጋዝ አይደል» ይላል ባሌ «የሚያመነጨው ያንተን መብራት?»

ማክሰኞ ሌሊት ግን፣ እናቴን ትንፋሽ ሲያጥራት፣
የባሌ ጋዝ አልቆ፣ የህራንትን ባትሪ ውርጭ በልቶት፣
የጎረቤት ላዳ፣ በቤንዚን እያፈነን፣
እያስነጠሰች ሄዳ ሆስፒታል አደረሰችን።
ሁለቱ ከኋላ፣ አንድ አንድ እግሯን ታቅፈው፣
ሒሳቡ ጠፍቷቸው፣ ዝም አሉ አቀርቅረው።

ድናለች። ዛሬ ግን የማንም በር ቢከፈት፣
አንድ እግሯን በረዶው ላይ አቁማ
«ሞላ? ወይስ ጎደለ?» ትላለች።
ሳይመልሱላት አትገባም፤
ስንት ጊዜ ቀዝቅዛለች።