መጥበሻው

በመጀመሪያው ሌሊት የጥርስ ብሩሼን እጀታ በሴንጢ ቆረጥኩት፤
የካርታውን ነጭ ጠርዝ ቀድጄ እሳት ውስጥ ጨመርኩት፤
የሻይ ከረጢቱን ክር ሳይቀር በጠስኩት።
“ለአንዲት ግራም?” አለኝ ሆሊስ ሳቁን አፍኖ፤
እሱ ግን የብረት መጥበሻ አዝሏል፣ እንደ ሕፃን በፎጣ ሸፍኖ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በኦሃዮ ፖስታ አዳይ ነበርኩ፤
ውሻውን በስሙ፣ ደጁን በቁጥሩ እየጠራሁ ዞርኩ።
እግሬ መንገድ ያውቃል ብዬ ነው የመጣሁት፤
ዳገት ግን አያውቅም፤ ይህን በሦስተኛው ቀን ደረስኩበት።
ጫፉ ይኸው ስንል፣ ከጀርባው ሌላ ጫፍ ብቅ፣
እሱንም ስንወጣ ሦስተኛው ቁልቁል አይቶን ሲስቅ።

እዚህ ቁጥር የለም።
በየዛፉ ግንድ ላይ መዳፍ የምታህል ነጭ ቀለም፣
ከእሷ ወደ ቀጣይዋ፣ ከዚያም ወደ ሌላ፤
ጆርጂያን እንዲህ ሄድን፣ ነጩን ስንከተል ወደ ፊት፣ ነጩ ሲጠፋን ወደ ኋላ።

ዝናቡ ዘነበ አይባልም፤ አብሮን ኖረ።
እርጥብ ካልሲዬ አራት ሌሊት ብብቴ ሥር አደረ፤
ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ ቋጠረ።
የኩቤኳ ነርስ ዴልፊን በመርፌ ስትወጋው፣
“ሁለት ሺህ ማይል” አለችኝ፣ “ይሄ ገና ደጃፉ ነው።”

ማታ ባለ ሦስት ግድግዳ መጠለያ ውስጥ እንደ ማገዶ ተደርድረን፣
ከማናውቀው ሰው ክርን፣ ከማናውቀው ሰው ማንኮራፋት ጋር ተዳብለን።
አራተኛው ግድግዳ ጨለማው ነው።
አይጥ በጆሮዬ ሥር አለፈች፤ ሰፈሩ የእሷ ነው።
ምግባችን ራቅ ብሎ በገመድ ተሰቅሏል፣ ድቡ እንዳያገኘው።

በዚህ ዱካ ላይ እናት ያወጣችው ስም አይሠራም።
አንዱ ካርታ ገልብጦ ግማሽ ቀን ስለሄደ፣ ከ“ግልብጥ” በቀር ስም የለውም።
እኔን “ፖስታ” አሉኝ፤
ማታ ማታ ፓስታ ስቀቅል፣ ያው ፊደል ሳቀብኝ።
ሆሊስ “መጥበሻ” ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።
ለምን ትሸከመዋለህ? ብዬ ብጠይቀው፣
“እንቁላል እወዳለሁ” አለኝ።
እንቁላል ግን አልያዘም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ዱካው አስፋልቱን ቆረጠ፤
ሆሊስ ቦርሳውን አወረደ፣ የመንገዱ ብረት ላይ ተቀመጠ።
ጉልበቱ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ስለ ጉልበቱ አላወራም።
“ትናንት ጫፉ ላይ ስልኬ ሠራ” አለ፤
“እህቴ በአንድ ነገር ሳቀች፣
በምን እንደሆነ ሳልሰማ መስመሩ ተቋረጠ።”

እዚያ አንድ ባሉጥ አለ፣ ያበቃላቸው ሰዎች ጫማ የተሰቀለበት፣
በማሰሪያው ተጠላልፎ፣ ዝናብ የጠገበ፣ ሽበት ያወጣበት።
ሆሊስ ወረወረ፤ አልደረሰም። ደግሞ ወረወረ።
በሦስተኛው ዴልፊን ወረወረችለት፤
እሱ በነጠላ ጫማ ቀረ።

ከዚያ መጥበሻውን ሰጠኝ። “አድርሺልኝ።”
አድራሻው? “እንጃ። ወደ ሰሜን።”
ሁለት ኪሎ ተኩል ብረት!
በሥራዬ ዘመን አድራሻ የሌለው ዕቃ ወደ ላኪው ነበር የሚመለሰው።
ላኪው ግን ፊቴ ቆሟል፣ አፍንጫው ቀልቷል፤
እንዴት አድርጌ ልመልሰው?
ሊወስደው የመጣው ሽማግሌ ከጭነት መኪናው ውስጥ ስድስት እንቁላል አቀበለን።
ሆሊስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አወጣ፣ ማጠፊያው ጋ እስኪሰወርብን።

ዳገቱን ስወጣ ብረቱ ከኩባያዬ ጋር ይላተማል፣ ኳ፣ ኳ፣
እንደ ፖስታ ሳጥን ክዳን።
ውሻ አልጮኸም፤ ደጅ አልተከፈተም።
ነጭ ምልክት። ጭጋግ። ነጭ ምልክት።

ካልሲ ውስጥ ከጠቀለልኳቸው አራቱ ደኅና ደረሱ፤
ለሰባት ሰው አራት እንቁላል! ጨው እንኳ የጨመረ የለም፤
ሁሉም ጣታቸውን ላሱ።

ማታ በዚያች ጉማጅ ብሩሽ ጥርሴን ስፍቅ፣
ጣቴ እስከ ጉሮሮዬ ገባ፤
ብቻዬን በጨለማ ፍርፍር ብዬ ሳቅሁ።
ዴልፊን ከመኝታ ከረጢቷ ውስጥ፣
“በምንድን ነው?” አለችኝ።
ነገርኳት።